ከንፈር ሌላ፣ ድምፅ ሌላ፦ ሲኒማ በራሱ ሲስቅ

ልጅ ሆኜ ከሚሴ ውስጥ የቪዲዮ ቤት መግቢያ አንድ ብር ነበር። የአዲስ አበባ ደሴን አስፋልት ተሻግረን እንገባለን። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የእንጨት አግዳሚ፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን፣ በሩ ላይ ደግሞ መንገደኛ እንዲስብ የተሰቀለ ትልቅ ስፒከር። የከሚሴን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል እዚያ ውስጥ መቀመጥ በራሱ ፍቅር ነው።

«ኦም ሻንቲ ኦም»ን መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። የተቀዳው ዲቪዲ ችግር ነበረበት። ከመሃሉ ጀምሮ የሻሩክ ካን ከንፈር ቀድሞ ይሄዳል፣ ድምፁ ከኋላ እየተጎተተ ይከተላል። አሳዛኙ ቦታ ላይ ስንደርስ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሂንዲ ማናችንም አንችልም። ገሚሳችን ቤት ውስጥ ኦሮምኛ ነው የምናወራው፣ ገበያ ስንወጣ አማርኛ። ታዲያ የማናውቀው ቋንቋ መዘግየቱን በምን አወቅን?

አንድ ትልቅ ልጅ «ስፒከሩ በር ላይ ስለሆነ ነው፣ ድምፁ እስኪደርስ ነው» አለን። ለዓመታት አመንኩት። ሂሳቡን የሠራሁት ኢንጂነሪንግ ከገባሁ በኋላ ነው። በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 349 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከበሩ እስከ ፊተኛው አግዳሚ 10 ሜትር ነው ብንል፣ መዘግየቱ 29 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቴሌቪዥን ባወጣው ምክረ ሐሳብ ላይ፣ ተመልካች ልዩነቱን ማስተዋል የሚጀምረው ድምፁ ከምስሉ 125 ሚሊሰከንድ ያህል ሲዘገይ ወይም 45 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቀድም ነው። ለ125 ሚሊሰከንድ ስፒከሩ ከ43 ሜትር በላይ መራቅ ነበረበት፤ እሱ ደግሞ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ነው። ጥፋቱ የቅጂው ነበር ማለት ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች እኩል አለመሆናቸውን ልብ በሉ። ለዘገየ ድምፅ ትዕግሥት አለን፣ ለቀደመ ድምፅ የለንም። በተፈጥሮ ድምፅ ከብርሃን ቀድሞ ስለማያውቅ ነው የሚል ግምት አለ። ጨፋ ሜዳ ማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው አይታችሁ ከሆነ፣ መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ነው «ጧ» የሚለው የሚደርሳችሁ። ጆሮና ዓይን ደግሞ ተነጋግረው ነው የሚሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1976 ማክገርክና ማክዶናልድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች «ባ» የሚል ድምፅ «ጋ» በሚል ከንፈር ላይ ገጥመው ሲያሳዩ፣ ብዙ ሰዎች የሰሙት «ዳ» ነበር። ሂንዲ ባናውቅም መዘግየቱን ያወቅነው ለዚህ ነው። ከንፈር ሲገጠም መስማት የሚጠበቀውን ድምፅ ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም።

የዚያን ቀን ሳቃችንን አንድ የሆሊውድ ፊልም ሆን ብሎ ሠርቶታል። «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ጂን ኬሊና ስታንሊ ዶነን አብረው ያዘጋጁት የሙዚቃ ኮሜዲ ነው። ታሪኩ በ1927 ነው የሚጀምረው፣ ድምፅ አልባው ፊልም በድምፃዊው ሲተካ። ስቱዲዮው ይደናገጣል፤ ድምፅ አልባ ሆኖ የተጀመረውን ፊልም በችኮላ ወደ ድምፃዊ ይቀይሩታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግማሽ ሰዓት፣ በእኔ እምነት፣ ስለ ቴክኖሎጂ ከተሠሩ ቀልዶች ሁሉ የተሻለው ነው። ምክንያቱም ትክክል ነው! የሚያስቀው ነገር ሁሉ ፊዚክሱ ልክ ነው።

ኮከቧ ሊና ላሞንት ትናገራለች። ማይክሮፎኑ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቋል። ጭንቅላቷን ወደ ማይኩ ስታዞር ይሰማል፣ ስትመልስ ይጠፋል። ሜዳ ላይ ከማይክ ያላችሁ ርቀት አራት እጥፍ ሲሆን ድምፁ 12 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ፊት ወደ ሌላ ሲዞር ደግሞ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ቀድመው ይጠፋሉ። ማይኩን ልብሷ ላይ ይሰፉላታል፤ አሁን የልብ ትርታዋ እንደ ከበሮ ይመታል። ካሜራው ድምፁ እንዳይረብሽ ትንሽ ክፍል ውስጥ ታሽጓል፤ በዘመኑ በእርግጥም እንደዚያ ነበር የሚቀረጸው።

ከዚያ ፊልሙ ለሕዝብ የሚታይበት ምሽት ይመጣል። መሃል ላይ ድምፁ ይንሸራተትና የሴትየዋ እምቢታ ከወንዱ አፍ፣ የወንዱ እሺታ ከሴትየዋ አፍ ይወጣል። አዳራሹ በሳቅ ይፈነዳል። ይኼ ማጋነን እንዳይመስላችሁ። የያኔው ቫይታፎን የሚባለው ዘዴ ምስሉን ፊልም ላይ፣ ድምፁን ለብቻው ሸክላ ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። ሸክላው በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ይዞራል፤ አንድ ዙር 1.8 ሰከንድ ነው። መርፌው አንዲት መስመር ብቻ ቢዘል ድምፁ ከምስሉ 1.8 ሰከንድ ይለያያል። በሰከንድ 24 ምስል ለሚሮጥ ፊልም ይኼ 43 ምስል ነው። በ1.8 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ እሺም እምቢም ማለት ይቻላል።

እስከዚህ ድረስ ፊልሙን እወደዋለሁ። የምጣላው በሊና ድምፅ ጉዳይ ነው።

ሊና መልኳ የንግሥት ነው፤ አፏን ስትከፍት ግን የሚወጣው ቀጭን፣ የሚሰነጥቅ፣ የሰፈር ልጅ ድምፅ ነው። ፊልሙ እንድንስቅባት ይፈልጋል፣ እንስቃለንም። መፍትሔ ተብሎ ካቲ የምትባል ወጣት ተዋናይት ከመጋረጃ ጀርባ ድምፅ ትሆንላታለች፤ በመጨረሻም መጋረጃው ተገልጦ እውነተኛዋ ባለድምፅ ትታወቃለች። ፍትሕ ሆነ፣ አጨበጨብን።

ግን ከስክሪኑ ጀርባ የሆነውን ስሙ። ካቲን የተጫወተችው ዴቢ ሬይኖልድስ ነች። ካቲ ለሊና ስትናገር የምንሰማው ያ ያማረ ንግግር የዴቢ አይደለም፤ የጂን ሄገን ነው፣ የሊናን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ሴት የራሷ ድምፅ! ያ የሚሰነጥቀው ድምፅ ለቀልድ የተሠራ ነበር። «ዉድ ዩ» በሚለው ዘፈን ላይ ካቲ ለሊና ስትዘፍንላት ደግሞ የምንሰማው የቤቲ ኖይስን ድምፅ ነው፤ የኖይስ ስም በፊልሙ ላይ አልተጻፈም። ድምፅ መስረቅን የሚያጋልጥ ፊልም፣ ድምፅ ደብቆ ተሠራ። ይኼን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ነገሩን ከልክ በላይ የወሰድኩት ሊመስል ይችላል። ምክንያት አለኝ። የአጎቴ ልጅ ከሚሴ ነው ያደገችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ታስመስላለች፤ ድምፅ ስትለዋውጥ ዓይናችሁን ብትጨፍኑ ቤቱ ሙሉ እንግዳ ያለ ይመስላችኋል። ለድምፅ ትወና ተፈትና «ጎበዝ ነሽ፣ ግን አማርኛሽ ወደ ኦሮምኛ ያዘነብላል» ተብላ ተመለሰች። እናቷ «አብሽሪ» አለቻት። እኔ ምን እንደምላት አላወቅሁም፤ የማስተዛዝነው በዴሲቤል አይደለ።

እዚህ ላይ ነው ወደ «ኦም ሻንቲ ኦም» የተመለስኩት፤ በዚህኛው ዙር ድምፁ ከምስሉ ጋር በገጠመ ቅጂ። ፋራህ ካን እ.ኤ.አ. በ2007 ያዘጋጀችው ይህ ፊልም ቦሊውድን ሥጋው እስኪታይ ነው የሚልጠው። የአሻንጉሊት ነብር የሚታገል ጀግና አለ። ለሽልማት የታጨው ኮከብ ሁለት ፊልሞቹ ሲታዩ ትዕይንቱም ንግግሩም አንድ ነው። ተዋናዩ ማኖጅ ኩማር በእሱ ላይ የተቀለደውን አልወደደውም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ለእኔ ከሁሉም የሚብሰው ቀልድ ግን ዋናው ታሪክ ራሱ ነው። ኦም በ1970ዎቹ ከኋላ የሚቆም ምስኪን አጃቢ ተዋናይ ነው፤ ኮከብ መሆን የቻለው ሞቶ፣ ከኮከብ ቤት እንደገና ተወልዶ ነው። ዝምድናን ከዚህ በላይ የሰደበ ፊልም ካለ ንገሩኝ።

መጨረሻው ላይ ደግሞ መብራት የያዙት፣ ልብስ የሰፉት፣ ሻይ የሚያቀብሉት ሳይቀሩ በቀይ ምንጣፍ ይሄዳሉ። አዘጋጇ በባጃጅ ዘግይታ ስትደርስ ማንም የለም። ቪዲዮ ቤት እያለን እዚህ ጋ ሲደርስ ተነሥተን እንወጣ ነበር፤ ምርጡን ክፍል።

ይኼም ፊልም ግን ያው ነው። ጀግናዋን የተጫወተችው ዲፒካ ፓዱኮን ነች፤ የምንሰማው ግን የሞና ጎሽ ሼቲን ድምፅ ነው። እንዲያውም ታሪኩ ውስጥ አንዲት ልጅ የሞተችዋን ኮከብ እንድትመስል አነጋገር ሳይቀር ስትሠለጥን እናያለን፤ ያን ጊዜም የምንሰማው የሌላ ሴት ድምፅ ነው። ሕንዶች በዘፈን በኩል ይኼን ጦርነት ቀድመው ተዋግተዋል። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው «ማሃል» ፊልም ላይ ላታ ማንጌሽካር የዘፈነችው ዘፈን ሸክላው ላይ የተጻፈው በገጸ ባሕርይዋ ስም፣ «ካሚኒ» ተብሎ ነበር። ኋላ የላታ ስም ከብዙ ተዋንያን በላይ ገነነ። ለዘፋኝ የተፈቀደው ለተናጋሪ ለምን እንደሚከብድ አይገባኝም።

የእኛስ? ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር፣ የቱርክ ሰው በአማርኛ ሲያለቅስ አየን። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ሥራችንን ይዘጋብናል ብለው ተቃወሙ፤ ስጋታቸው የሚናቅ አልነበረም። ድምፅ ሰጪዎቹን ግን በጆሯችን እንጂ በመልክ አናውቃቸውም። ሥራው ደግሞ ከባድ ነው፤ «መ» እና «በ» ላይ ከንፈር መግጠም አለበት። አንድ ዕድል አለን። ቱርክኛም፣ ሂንዲም፣ አማርኛም፣ ኦሮምኛም ግሳቸውን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። «እወድሃለሁ» የሚለው ከተዋናዩ ዓይን ጋር አብሮ ይደርሳል።

ስለ አማርኛ ፊልም መንደር የሚቀልድ ፊልም ብሠራ የምጀምረው ባዶ ቪላ ሳሎን ውስጥ ነው። ልስን ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለል፣ ምንጣፍ የለም፤ ፍቅረኞቹ ሲንሾካሾኩ እንደ ዋሻ ያስተጋባል፣ ከጓሮ ጄኔሬተር ይንጎራጎራል። ባለ ድምፁ «ይደገም» ሲል የሚሰማው የለም።

ባለፈው ዒድ ከሚሴ ስሄድ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን»ን በላፕቶፕ ይዤ ሄድኩ። ሊና አፏን ስትከፍት ቤቱ በሳቅ ሞላ። የአጎቴ ልጅ አልሳቀችም። «የራሷ ድምፅ ነው?» አለችኝ። ስለ ጂን ሄገን ነገርኳት። ካቲ ለሊና የምትናገርበት ቦታ ስንደርስ ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«መልሰው» አለችኝ። ሦስት ጊዜ መለስኩት።