ተለዋጭ ቀጠሮ ስለ መንፈግ

በጥገኝነት ይግባኝ ችሎት የሚቆም ጠበቃ ጊዜ መለመንን እንደ ጥቃቅን ሥርዓት ቆጥሮ ቢንቀው፣ ባለጉዳዩ ገና ቃሉን ሳይሰጥ ነገሩ ሊበላሽበት ይችላል።

በሱዳን፣ በገዳሪፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ለኤርትራውያን ስደተኞች በተቋቋመው በኡም ጋርጉር መጠለያ ተወልዶ አድጎ ለንደን የደረሰ ወጣት እናስብ። አማርኛው ስለሚጠራለት «ኢትዮጵያዊ ነህ» ይባላል፤ ኤርትራዊነቱን የሚመሰክርለት የእናቱ የምዝገባ ወረቀት ግን በመጠለያው ነው። የገዳሪፍ ምድር ዋልካ ስለ ሆነ በዘመነ ክረምት መንገዱ ይዘጋል፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮም ጦርነቱ የሱዳንን መሥሪያ ቤቶች አናግቷል። እናቱ በቪዲዮ ትመስክር እንዳይባል፣ ከባሕር ማዶ ሆኖ በቃል ለመመስከር የዚያ አገር መንግሥት አለመቃወሙ አስቀድሞ መረጋገጥ እንዳለበት የእንግሊዝ የበላይ ትሪቡናል እ.ኤ.አ. በ2021 አስታውቋል። እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ሁለት ወር ቢለምን ዳተኛ ነው ይባላልን?

የእንግሊዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011፣ ኤስ ኤች (አፍጋኒስታን) ተብሎ በሚታወቀው ነገር፣ የዕድሜውን ማስረጃ ከነጻ ባለሙያ ለማምጣት ጊዜ የተነፈገውን ወጣት ይግባኝ መርምሮ፣ የዳኛው አሳብ ከምክንያት አለመራቁ ብቻ እንደማይበቃ፣ መመዘኛው ባለጉዳዩ በርትዕ የመሰማት መብቱን አጥቷል ወይ የሚለው እንደ ሆነ ወስኗል።

ይህ ፍርድ ግን የጠበቃን ስንፍና አይሸፍንም። «ከሱዳን ወረቀት እንጠብቃለን» ብሎ ብቻ የሚቀርብ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ቢከለከል አይበደልም፤ የትኛው ወረቀት፣ በማን እጅ፣ እስካሁን ምን ተሞክሮ፣ እስከ መቼ፣ ከሁሉም በላይ የትኛውን የክርክር ጭብጥ እንደሚፈታ መናገር አለበትና። ኤርትራዊነቱ ታምኖለት ክርክሩ ቢመለስ ምን ይገጥመዋል በሚለው ላይ ብቻ ከሆነ፣ የኡም ጋርጉር ወረቀት ቢመጣም ባይመጣም ለውጥ የለውምና ክልከላው ቅን ነው። ዜግነቱ ራሱ የተካደ እንደ ሆነ ግን፣ ያን ወረቀት ሳይጠብቁ «ማስረጃ አላቀረብህም» ብሎ መፍረድ፣ እጁን አስረው ለምን አልጻፍህም እንደ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ከችሎቱ ቀን አስቀድሜ በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ የተላኩትን ደብዳቤዎችና የስልክ ጥሪዎቹን ቀን አያይዛለሁ፤ በችሎትም ብከለከል ምክንያቱ በመዝገብ እንዲሰፍር ጠይቄ፣ በእጄ ባለው ማስረጃ ክርክሩን እቀጥላለሁ።