ያልታየው አበባ፦ አንድ ጥንታዊ የቻይና ግጥም በጣና ዳርቻ ሲነበብ

የግጥም ታላቅነት በስንኝ ብዛት እንደማይለካ ለቅኔ ቤት ልጅ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በጎጃም የቅኔ ጉባኤዎች ተማሪው አስቀድሞ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና 2 ቤት ብቻ ነው፤ ሆኖም ሰምና ወርቁን አስማምቶ ሙሉ ሐሳብ ይሸከማል። ከታንግ ዘመን የቻይና ባለቅኔዎች አንዱ የሆነው መንግ ሃውራን (እ.ኤ.አ. 689–740) የደረሰው «የጸደይ ንጋት» የዚሁ ቁጥብነት ዘመድ ነው። 4 ስንኞች ሲኖሩት በየስንኙ 5፣ በድምሩ 20 የጽሕፈት ምልክቶች ይገኛሉ፤ 1ኛው፣ 2ኛውና 4ኛው ስንኝ ቤት ይመታሉ።

ይዘቱ ቀላል ይመስላል። ንጋቱ ሳይታወቀው እንቅልፍ የጣለው ሰው በወፎች ጫጫታ ይነቃል፤ ሌሊት የሰማው ዝናብና ነፋስ ትዝ ይለዋል፤ ስለረገፈውም አበባ ያስባል። ግጥሙ ብዙ ጊዜ የተፈጥሮ ውበት ውዳሴ ተብሎ የሚታለፈው በዚህ ምክንያት ነው። ልብ ብሎ ላነበበው ግን በግጥሙ ውስጥ አንድም አበባ አልታየም። ባለቅኔው ከመኝታው አልተነሣም፤ መስኮትም አልከፈተም። አበባው የሚመጣው በመጨረሻው ስንኝ፣ ያውም ከረገፈ በኋላ፣ ያውም በግምት ነው። የንጋቱ ደስታና የሌሊቱ ጥፋት በአንድ ጆሮ ገብተው ሳይታረቁ ይቀራሉ። የግጥሙ ወርቅ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወደ አማርኛ ልመልሰው ለሚል ሰው ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው የባለቤት ጉዳይ ነው። በቻይንኛው ውስጥ «እኔ» የሚል ቃል የለም፤ ግሡም ተናጋሪውን አይለይም። የአማርኛ ግሥ ግን «ተኛሁ» ወይም «ተኛ» ሳይል አይንቀሳቀስምና ተርጓሚው ያልተጻፈውን ሰው ለመጻፍ ይገደዳል። በአንጻሩ ቋንቋችን በሌላ በኩል ይክሰዋል፤ «አበባ ረገፈ» ስንል አንዱም ብዙውም ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩ እንደ ቻይንኛው ክፍት ይሆናል።

ሁለተኛው ፈተና የወቅት ነው። በዘመን አቆጣጠራችን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። ማኅሌተ ጽጌ የሚቆምበት፣ ምድርም በአበባ የምታሸበርቅበት ወቅት ግን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቀው ዘመነ ጽጌ ነው። ስለሆነም ተርጓሚው አደይ አበባን ለመጥራት ይፈተናል። አደይ ግን የሚፈካው ክረምቱ ሊያልፍ ሲል ስለሆነ የዝናብን መሰናበት ያበሥራል፤ የግጥሙን ሥጋት ወደ ብሥራት ይገለብጠዋል።

ለግጥሙ የሚቀርበው አበባ ከባሕር ዳር ማዶ፣ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ይገኛል። የቡና አበባ ከደረቁ ወራት በኋላ ዝናብ ሲነካው በአንድ ጊዜ ነጭ ሆኖ ይፈነዳል፤ መዓዛው ደኑን ይሞላል፤ በጥቂት ቀናትም ይጠወልጋል። ያፈካው ዝናብ ሲበረታ መልሶ ያረግፈዋል። በትውፊቷ በሬ የማይጠመድባት ዘጌ ኑሮዋን ከቡናዋ ጋር አስተሳስራለችና፣ በሌሊት የነፋሱን ድምፅ የሰማ ባለቡና የሚጨነቀው ለውበቱ ብቻ አይደለም። ይህ አንባቢ አበባን ሳያዩ ማሰብ ምን እንደሆነ ከማንኛውም መዝገበ ቃላት አብልጦ ያውቃል።

ይህ ማለት ግን በትርጉሙ ውስጥ «የቡና አበባ» ተብሎ ይጻፍ ማለት አይደለም። መንግ ሃውራን የአበባውን ዓይነት አልጠራም፤ ስለ ፍሬም አልተናገረም። ያልተጠራውን ስም መሰየም ክፍት የተተወውን በር መዝጋት ነው። የቡናው አበባ የንባብ ቁልፍ ይሁን እንጂ የግጥሙ አካል አይሁን።

በእኛም ግጥሞች ውስጥ አደይ አበባ ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ እንደተቀመጠ ጌጥ ይመጣል፤ ይፈካል፣ ይመሰገናል፣ ያልቃል። ስለዚህ መምህራን ይህን ግጥም ሲያስተምሩ «ምን ታየ?» ከማለት «ምን ተሰማ?» ብለው ቢጀምሩ፣ ወጣት ገጣሚዎቻችንም አበባን ከማወደሳቸው በፊት የሚያሠጋውን ነፋስ ቢያዳምጡ፣ ከ20ዎቹ ምልክቶች ብዙ ይማራሉ።