በሩ ከተዘጋ በኋላ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኤዲት ያደረግሁት አንድ የአማርኛ ፊልም ውስጥ እናት ምስር ስትለቅም የሚያሳይ ሾት ነበር። ልጇ ቤይሩት በሰው ቤት ትሠራለች፤ እናት ስልኳን ትጠብቃለች። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠጠሩን በሁለት ጣቷ እየለቀመች መሬት ላይ ታኖራለች። ስልኩ ጉልበቷ አጠገብ ተቀምጧል። አንዴ ብቻ ቀና ብላ ታየዋለች፤ መልሳ ወደ ሰፌዱ ታቀረቅራለች። ሾቱ 48 ሰከንድ ነበር።

ፕሮዲዩሰሩ ከኋላዬ ቆሞ «እባክሽ አሳጥሪው፣ ሰው ይሰለቻል» አለኝ። ወደ 6 ሰከንድ አወረድኩትና በቀጥታ ስልኩ ጠርቶ ወደምታለቅስበት ክሎዝ አፕ ገባሁ። ዋሽንት ተደረገበት። ፊልሙ የተመረቀ ዕለት አዳራሹ ሙሉ አለቀሰ፤ እኔም ሥራዬን በደንብ የሠራሁ መሰለኝ። ስንወጣ እናቲቱን የተጫወቱት አንጋፋ ተዋናይት እጄን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ ምስሩስ የት ደረሰ? እኔ እኮ ያን ቀን ለቅሜ ጨርሼዋለሁ» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከኤዲቲንግ ክፍሌ አልወጣም። በፊልሞቻችን ውስጥ እናት መቼ መቼ እንደምትታይ ልብ ብዬ መቁጠር የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ልጇ ሲሄድ ትመርቃለች። ልጇ ሲመጣ እልል ትላለች። ገንዘብ የሚያስፈልግበት ታሪክ ከሆነ ትታመማለች። ልጁ ከበሩ ሲወጣ እኛም አብረን እንወጣለን፤ እሷ ምን እንደምትሠራ፣ ምን እንደምታስብ፣ ማንን እንደምትቀየም አናውቅም።

ጥፋቱን ስክሪፕት ጸሐፊው ላይ ብቻ መጣል አልችልም። እኛ ኤዲተሮች የምንቆርጥበት መለኪያ ራሱ እናትን ያስወጣል። እያንዳንዱን ትዕይንት «ታሪኩን ወደፊት ይገፋል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። የእናት ሥራ ደግሞ የሚደጋገም ነው፤ ትናንት የተለቀመው ምስር ዛሬም ይለቀማል። በዚህ ሚዛን ሲመዘን ሁልጊዜ ትርፍ ሆኖ ይገኛል።

ቤልጂየማዊቷ ሻንታል አከርማን እ.ኤ.አ. በ1975 በሠራችው «ዣን ዲልማን» ይህን ሚዛን ገልብጣዋለች። ፊልሙ 201 ደቂቃ ይፈጃል። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ልጇ ትምህርት ቤት ውሎ እስኪመለስ ስታበስል፣ ስታጥብ፣ ስታነጥፍ፣ ለኑሮዋም ገላዋን ስትሸጥ ሦስት ቀን እናያታለን። በሁለተኛው ቀን ድንቹ ከመጠን በላይ ይበስልባታል። ይኸው ነው። ግን የመጀመሪያውን ቀን እያንዳንዱን እንቅስቃሴዋን ስላየን ያ ድንች ያስደነግጠናል። ያንን ድግግሞሽ እኔ ብሆን እቆርጠው ነበር፤ ከቆረጥኩት ደግሞ ድንቹ ድንች ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከቅርብ ጊዜ ፊልሞች ደጋግሜ የማየው የአልፎንሶ ኩዋሮንን «ሮማ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን። ክሊዮ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ የሰው ልጆች የምታሳድግ የቤት ሠራተኛ ናት። የምትወልድበት ትዕይንት ላይ ካሜራው ከአልጋው ጎን ቆሞ አይነቃነቅም። ፊቷ ከፊት ለፊታችን ነው፤ ከኋላ ሐኪሞቹ የተወለደችውን ሕፃን ለማዳን ይሯሯጣሉ። ሕፃኗ አትተርፍም። ወደ ሕፃኗ ክሎዝ አፕ የለም፣ ወደ ሐኪሙ ፊት የለም፣ ሙዚቃ የለም። እኔ ብሆን ቢያንስ አምስት ቦታ እቆርጥ ነበር፤ በእያንዳንዱ ቁርጥ ተመልካቹ ትንሽ ትንፋሽ ያገኝ ነበር። ኩዋሮን ያንን ትንፋሽ ነፈገን፤ እሷም አላገኘችውምና።

በኋላ በባሕሩ ዳርቻ፣ ዋና ሳትችል ማዕበል ውስጥ ገብታ የአሠሪዋን ልጆች ታወጣለች። አሸዋው ላይ ሁሉም ተቃቅፈው ሳለ ነው የራሷን ልጅ መወለድ እንዳልፈለገች አምጣ የምትናገረው። የሰው ልጅ ለማዳን ሕይወቷን ለአደጋ የሰጠች ሴት የራሷን አልፈለገችም ነበር፤ ፊልሙ ሁለቱንም ይዞ ይቆማል፣ አይፈርድባትም። ይህን ሳይ ሁልጊዜ የሚታወሱኝ ቤይሩትና ጂዳ የሰው ልጅ እያጠቡ፣ የራሳቸውን ለአያት ትተው የሄዱ እህቶቻችን ናቸው። የእነሱን እናትነት በልቅሶና በስልክ ጥሪ ብቻ አሳይተን የጨረስን ይመስለናል።

ከራሳችን ደግሞ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። የኤፍሬም እናት በሕይወት የለችም። ልጁ ግን ማብሰል ይችላል፤ ወንድ ልጅ ማዕድ ቤት ምን ይሠራል እየተባለም ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይሸጣል። እናቲቱ በዚያ ሞያ ውስጥ አለች። ፎቶዋን አቅፎ ከሚያለቅስ ልጅ ይልቅ ሊጥ የሚዳምጥ የልጅ እጅ ስለ እሷ ይበልጥ ይነግረኛል።

ዛሬ እናት ያለችበት ፊልም ሲመጣልኝ አስቀድሜ የማየው ከትዕይንቱ ውጭ የቀሩትን ቁራጮች ነው፦ ልጁ ከመግባቱ በፊት ያሉትን ሰከንዶች፣ ዳይሬክተሩ «ከት» ሳይል ተዋናይቷ ልቅሶዋን ጨርሳ ነጠላዋን የምታስተካክልበትን። ለብቻ ፎልደር እከፍትላቸዋለሁ። ማጀቢያ ሙዚቃውንም መጀመሪያ አጥፍቼ አያለሁ፤ ያለ ዋሽንት ካልቆመ ትዕይንቱ ገና አልተሠራም ማለት ነው።

የተቆረጠ ነገር ብቻ ነው እኔ መልሼ ማስገባት የምችለው፤ ያልተጻፈና ያልተቀረጸ ከየትም አላመጣም። ስለዚህ ስክሪፕት ለምትጽፉ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። እናት ስትጽፉ ልጇ ወጥቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለውን አንድ ገጽ ጨምሩልኝ። እኔ አልቆርጠውም።