የሱስ ሕክምናና የሳንባ ነቀርሳ፦ በአንድ መመሪያ ላይ የቀረበ ሂስ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በ2016 ያሻሻለው፣ በተለምዶ «ኤም ኤች ጋፕ» የሚባለው የአእምሮ ጤና መመሪያ በሀገራችንም የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ይሠለጥኑበታል። የሱስ ምዕራፉ ልዩ ሐኪም በሌለበት የሚሠራ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሊከተለው በሚችል ግልጽ ቋንቋ ተጽፏል፤ ይህም ቀላል ውለታ አይደለም። ይሁን እንጂ ስለ ተላላፊ በሽታ በሚናገርበት ስፍራ ሰፊውን ቦታ የያዘው በመርፌ የሚወሰድ ዕፅ ነው፦ የደም ምርመራ፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት፣ ንጹሕ መርፌ። ከባድ ጠጪ ለሳንባ ነቀርሳ እንደሚጋለጥ አልተዘነጋም፤ ግን በአጭሩ ታልፏል።

አዳማ ላይ ሆኖ ለሚያነበው ሰው ሚዛኑ የተገለበጠ ይመስላል። ከሞጆ እስከ መተሐራ፣ ከመቂም እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች በየዕለቱ የምናያቸው ሱሶች አረቄና ጫት ናቸው። በሽታውን የሚያዛምተው በጠባብ አረቄ ቤትና የቀን ሠራተኞች ተደራርበው በሚያድሩበት ክፍል ውስጥ ያለው አየር ነው እንጂ መርፌ አይደለም። ከባድ ጠጪ በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑ ከታወቀም ቆይቷል።

ችግሩ ከምርመራ በኋላ ይብሳል። አይሶናያዚድም ሆነ ፓይራዚናማይድ ጉበትን ይጎዳሉ፤ አልኮል ሲጨመርበት አደጋው ይከብዳል። መጠጥ ለማስተው የሚሰጠው ዲሰልፊራም ከአይሶናያዚድ ጋር ሲገናኝ አእምሮን ሊያውክ ይችላል። መጠጥ ባቆመ በሦስተኛው ቀን የሚቃዥን በሽተኛ ሁላችንም «መጠጡ ነው» እንላለን፤ የማጅራት ገትር ነቀርሳ ሊሆን እንደሚችል ግን ሁልጊዜ አናስብም። በሽተኛው እንዳያመልጥ መስኮቱ የሚዘጋበት የሱስ ክፍልስ? የነቀርሳ መከላከያ ደንብ የሚያዘው መስኮቱ እንዲከፈት ነው።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጤና ጣቢያ፣ አረቄ የሸተተ በሽተኛ የጠዋት መድኃኒቱን ሳይውጥ «ነገ ሳትጠጣ ና» ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ። ነርሷ ክፉ አልነበረችም፤ በአንድ እጇ የነቀርሳ፣ በሌላው የሱስ መመሪያ ይዛለች፤ ሁለቱም ለዚህ ሰው መልስ የላቸውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. የነቀርሳና የኤች አይ ቪ አገልግሎት እንዲቀናጅ ጊዜያዊ ፖሊሲ ካወጣ ወዲህ የነቀርሳ በሽተኛን ለኤች አይ ቪ መመርመር ልማድ ሆኖልናል። ስለ መጠጥ የሚጠይቁ ጥቂት ጥያቄዎችም በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሠራተኛ ሊቀርቡ ይችላሉ፤ የሱስ ታካሚም አክታውን እዚያው ሰጥቶ፣ የጉበት ምርመራውን አድርጎ፣ ክኒኑን ከምክሩ ጋር ሊወስድ ይችላል። የመመሪያው ቀጣይ እትም ይህን ሥራ ማን፣ በየትኛው ክፍል እንደሚሠራው ቢጽፍ ኖሮ ያች ነርስ በሽተኛውን አትመልሰውም ነበር።