ከፎርማት በኋላ ያለው ሥራ

ዊንዶውስ የቀየርንለት ደንበኛ ተመልሶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ «ኮምፒውተሬ ተበላሸ» ይላል። ከፍቼ ሳየው ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ ፋይሉም በቦታው አለ፤ የተለወጠው መልኩ ብቻ ነው። ጀማሪ ቴክኒሻን «ይለምዱታል» ብሎ ይሸኘዋል። እኔ ግን እዚህ ሐዋሳ በዚህ ሙያ ስቆይ ያመንኩት ነገር ቢኖር፣ መልኩን ሳያስተካክሉ ማስረከብ ሥራውን ግማሽ ላይ መተው መሆኑን ነው። ሰው ማውዙን የሚያንቀሳቅሰው በልማድ ነው። ልማዱ ከተሰበረ በአምስት ደቂቃ የምታልቅ ደብዳቤ ግማሽ ቀን ትፈጃለች።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ ወደ 11 መሻገር ግድ የሆነበት ብዙ ነው። ዊንዶውስ 11 ስታርትንና የታስክባሩን አይከኖች መሀል ላይ ደርድሮ ይመጣል። በቀኝ ክሊክ የሚወጣውን ዝርዝርም አሳጥሮ የቀረውን «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ከሚለው ሥር ከቶታል። ስታርትን ወደ ግራ መመለስ ቀላል ነው፦ ታስክባሩ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ታስክባር ሴቲንግስ»፣ «ታስክባር ቢሄቪየርስ»፣ ከዚያ «ሌፍት»። ይህን የሚጠይቅ ደንበኛ ለዘመናዊ ነገር ባዳ የሆነ የሚመስለው ቴክኒሻን ካለ የዊንዶውስ 8ን ታሪክ ያስታውስ። በ2012 እ.ኤ.አ. የስታርት ቁልፍ ከዴስክቶፕ ሲነሳ ዓለም በሙሉ አጉረመረመ፤ በዓመቱ በ8.1 መልሰው አመጡት።

የድሮውን መልክ ሙሉ በሙሉ እንመልሳለን የሚሉ እንደ ኤክስፕሎረር ፓቸር ያሉ ፕሮግራሞች አሉ። ለራሴ ማሽን እሞክራቸዋለሁ፣ ለደንበኛ ግን አልጭንም። የዊንዶውስን ውስጣዊ አሠራር እየነካኩ ስለሚሠሩ ትልቅ አፕዴት በመጣ ቁጥር ሊናጉ ይችላሉ፤ ያኔ ታስክባሩ ራሱ አልታይ ሊል ይችላል። በሴቲንግስ ውስጥ የተስተካከለ ነገር ግን በአብዛኛው አፕዴቱን ተሻግሮ ይቆያል፤ ቢቀየርም ባለቤቱ ራሱ ይመልሰዋል።

ከሁሉም በላይ የምጠነቀቀው ለፊደል ነው። አንዲት አንጋፋ ጸሐፊ ላፕቶፕ ይዘው መጥተው «ልጄ፣ ደብዳቤዬ ሁሉ ፈረንጅኛ ሆነብኝ» አሉኝ። ፋይሉን ስከፍተው ከአናት እስከ ግርጌ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ተቀላቅሎበታል። «እትዬ፣ አይዞዎት፣ ጽሑፉ አልጠፋም» አልኳቸው። የተጻፈው በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ነበር። ግዕዝ በዩኒኮድ የራሱን ቁጥሮች ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የላቲኑን ቁጥር ተውሰው የእኛን ፊደል ቅርጽ ይስሉበት ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው እንግዲህ የላቲን ቁጥር ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ነው። ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ፎንቱ አብሮ ጠፋ፣ ፊደሉም «ፈረንጅኛ» ሆነ።

ስለዚህ ፎርማት ከማድረጌ በፊት ሁለት ነገር አደርጋለሁ። ዴስክቶፑን በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፤ ከዚያ ከፎንት ፎልደሩ የአማርኛዎቹን መርጬ ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ። መልሼ ስጭንም «ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ» የሚለውን እመርጣለሁ። ዝም ብሎ «ኢንስቶል» ከተባለ ፎንቱ የሚገባው ለዚያ ተጠቃሚ ብቻ ነው፤ ሁለት ሠራተኛ በየራሱ አካውንት በሚጠቀምበት የቢሮ ማሽን ላይ ለአንዱ አማርኛ የሆነው ለሌላው ፈረንጅኛ ይሆናል።

ኒያላም የራሱ ጣጣ አለው። በ2007 እ.ኤ.አ. ከቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ነው፤ በዊንዶውስ 10 እና 11 ግን ከዋናው ጭነት ወጥቶ «ኢትዮፒክ ሰፕሊመንታል ፎንትስ» በሚል ተጨማሪ ውስጥ ገብቷል። ያ ካልተጫነ ደብዳቤው ኢብሪማን በመሰለ ሌላ ፎንት ይታያል። የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ በአንድ ገጽ ያልቅ የነበረው ደብዳቤ ፊርማና ማኅተሙን ብቻ ወደ ሁለተኛ ገጽ ይወረውራል። መድኃኒቱ ኢንተርኔት ባለበት አማርኛን ከቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ መጨመር ነው፤ ተጨማሪው ፎንት አብሮ ይወርዳል።

የቀረው ጊዜ አይፈጅም። ሲዳምኛ በላቲን ስለሚጻፍ በከተማችን ቢሮዎች ሁለቱም ኪቦርድ ያስፈልጋል፤ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ አንድ ላይ ሲጫኑ እንደሚቀያየሩ አሳያለሁ። ዐይናቸው ለደከመ ጽሑፉን አጎላለሁ። ራሙ ላነሰ ማሽን አኒሜሽኑን አጠፋለሁ። ዎልፔፐሩ የባለቤቱ ምርጫ ነው፤ የሐይቁን ፎቶም ያድርግ የልጁን ምርቃት፣ አይከኖቹ ስማቸው ከተነበበ ይበቃኛል።

ፎንት መልሶ መጫን ግን ማስታገሻ ነው። ሐዋሳ የደቡብ ክልል መቀመጫ በነበረችባቸው ዓመታት የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የተጻፈ ስንት ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ ቪዥዋል ግዕዝን በመሰሉ የድሮ ፎንቶች ላይ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ በዩኒኮድ «በጀት» ብላችሁ ብትፈልጉ አንድም አታገኙም፤ ለኮምፒውተሩ በጀት የሚል ቃል እዚያ የለምና። ስለዚህ ፎንቱን ከመለስኩ በኋላ ደንበኛዬን አንድ ነገር እመክራለሁ፦ አስፈላጊ ሰነዶቹን በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ያዙር፣ ቁጥሮቹንና ዲቃላ ፊደሎቹን ከታተመው ቅጂ ጋር ያመሳክር፣ ዋናውንም ፋይል አይሰርዝ። ይህ ሥራ ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ይፈልጋል፤ የሚመቸውም ፎንቱ ገና በእጅ እያለ፣ ደብዳቤውን የጻፉትም ሰዎች ጡረታ ሳይወጡ ነው።