ዳኛ መጨረሻ ይብላ

በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ነርስ እቁባችን ውስጥ ለመግባት ፈልጋ፣ ከመመዝገቧ በፊት ዳኛውን እኔን አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው ምን ይጠቀማል? ገንዘቡን ባንክ ቢያስቀምጠው ወለድ ያገኝበት የለ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። እዚሁ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ እቁብ የሚመራ አንድ ወዳጄ ይህንኑ ጥያቄ በጨረታ መልሼዋለሁ ይላል። እኔ በጨረታ አላምንም። ነገሩ ቆሞ በማውራት የሚያልቅ ስላልሆነ ልጻፈው።

ሃያ ሰው በወር 1,000 ዶላር ይጥላል እንበል። በጨረታው እቁብ ዕጣ በማውጣት ፈንታ «ማን ይቀንሳል?» ይባላል። በ3ኛው ወር የቸገረው ሰው ከ20,000 ዶላር ላይ 2,000 ትቶ 18,000 ይወስዳል፤ የተወው ለሌሎቹ ይከፋፈላል። የመጨረሻው ሰው ጥቅም ይኸው ነው ይላል ወዳጄ። አሁን ሒሳቡን እንየው። ሰውየው የጣለው 3,000 ነው፤ ስለዚህ ከሰው ኪስ የወሰደው 15,000 ብቻ ነው። በቀሪዎቹ 17 ወራት የሚመልሰው ግን 17,000 ነው። በኋላ ከሌሎች ቅናሽ የሚደርሰውን ትተን ብናሰላው በዓመት ወደ 17 በመቶ ወለድ ይመጣል። ይህማ የክሬዲት ካርድ ዘመድ ነው! የሚከፍለው ደግሞ ሁልጊዜ በዚያ ወር የባሰ የጨነቀው ሰው ነው።

ወዳጄ የሚከራከርበት አያጣም። መርካቶም ቢሆን ዕጣ ይሸጥ ነበር ይላል፤ እውነቱን ነው። ህንድ ውስጥ በጨረታ የሚሠራው «ቺት ፈንድ» በ1982 የራሱ ሕግ ወጥቶለታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቤስሊ፣ ኮት እና ላውሪ የተባሉ ሦስት የኢኮኖሚክስ ምሁራን በ1993 ባወጡት ጥናት ዕጣና ጨረታን አወዳድረው፣ የአባላቱ ፍላጎት ሲመሳሰል ዕጣ እንደሚሻል፣ ሲለያይ ግን ጨረታ ሊበልጥ እንደሚችል በስሌት አሳይተዋል። ወዳጄ የሙጥኝ ያለው የኋለኛውን ነው፤ «የእኛ ሰው ፍላጎቱ ይለያያል» ይላል። ይለያያል እንጂ! ዳኛ የሚያስፈልገውስ ለዚህ አይደለም?

ዕጣ የሚወጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ የእኔ ሥራ ግን የሚጀምረው ረቡዕ ነው። የትራክ ሾፌሩ አይ-70 ላይ ተራራው መሃል ትራንስሚሽኑ ተበላሽቶበታል። ቤቷ ውስጥ ዴይ ኬር ያላት እህት ለፈቃድ ሊጎበኟት ነው፤ አጥሯ ግን ወድቋል። እነዚህ ሰዎች አፍ አውጥተው ቸገረን አይሉም። ስለዚህ ሌሎች አባላት ዘንድ ስልክ እደውላለሁ። «እሑድ ቢወጣልህ ለሰው ትለቃለህ?» እላለሁ፤ ለማን እንደሆነ ግን አልናገርም። አንድን ሰው በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ አልጠይቅም። ሰው ፊትማ ፈጽሞ አልጠይቅም፤ እምቢ ማለት ያፍራል፤ በኋላ ደግሞ ይቆጨዋል። የለቀቀው ሰው የተቀባዩን ተራ ይወስዳል፤ ማንም ለማንም ሳንቲም አይከፍልም። የኢኮኖሚክስ ምሁሩ ደጀኔ አረዶም በዚያው በ1993 ስለ እቁብ፣ ስለ እድርና ስለ ቁጠባ ማኅበራት ጥናት አውጥተዋል፤ የኛ ነገር በወግ ተጽፎ በማየቴ ደስ ብሎኛል። ያቺ የረቡዕ ስልክ ግን ጥናት ውስጥ የምትገባ አይመስለኝም።

ዕጣውን የምጽፈው ከአንድ ደብተር በተቀደደ ወረቀት፣ በአንድ እስክሪብቶ ነው። ሁሉም እኩል ተቆርጦ፣ ሁለቴ ታጥፎ፣ ተጠቅልሎ ባዶ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። የሚያወጣው እዚያ የተገኘ ሕፃን ልጅ ነው፤ እጅጌውን እስከ ክርኑ እንሰበስብለታለን። ስልክ ላይ ስም የሚመርጥ መተግበሪያ እንዳለ ነግረውኛል። ገንዘቡን ዜል በሚባለው የባንኮች አገልግሎት መላክ ይቻላል፤ እኔም ፈቅጃለሁ። ባንኮቹ የቀን ገደብ ስላላቸው ለባለ ዕጣው ተቆራርጦ መድረሱን ችለነዋል። ዕጣው ግን ሰው ባለበት ይውጣ፤ ፊቱን ያላየሁት ሰው ሲጨነቅ በምን አውቃለሁ? ስለ ገንዘብ ካነሳሁ አይቀር፦ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ስታስገቡ ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል። ይህ ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ ከሪፖርቱ ለማምለጥ ብሎ ከፋፍሎ ማስገባት ነው። አዲስ ለሚገባ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን እነግረዋለሁ።

ዋስ ላይ ደግሞ ግትር ነኝ። ቀድሞ የሚበላ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም ገና ያልበላ አባል መሆን አለበት። የበላ ሰው ዋስነቱ ወሬ ነው፤ ምኑን እይዝበታለሁ? ያልበላ ዋስ ግን የራሱ ዕጣ አለልኝ። ሃይማኖተኛ ነው፣ የታወቀ ነጋዴ ነው፣ ምግብ ቤት አለው እየተባለ ስንት ጊዜ ተለምኛለሁ። አልቀበልም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የራሴ የዳኛው ተራ ነው። በቆየው ልማድ የመጀመሪያው ዕጣ የዳኛ ነው፤ ለድካሙ ይባላል። እኔ ዳኛ መጨረሻ መብላት አለበት ባይ ነኝ። ለነርሷም ሙሉው መልሴ ይኸው ነው። እቁብ ውስጥ አንድ ሰው ሲያቅተውና ዋሱም ሲደክም የጎደለው ገንዘብ እየተንከባለለ ሄዶ የሚያርፈው የመጨረሻው ዕጣ ላይ ነው። ያንን ቦታ የያዘ ሰው ለእቁቡ መድን ሆኗል ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ የቆመው ደግሞ ደብተሩን የያዘው፣ ማንን እንደሚያስገባና ማንን እንደማያስገባ የወሰነው ሰው መሆን አለበት። ዳኛው ቀድሞ በልቶ ከተቀመጠ ያገባው ሰው ቢጠፋ የሚጎዳው ሌላ ነው።

በመጋቢት 2020 የዴንቨር ኤርፖርት ሰው አልባ ሲሆን ዙራችን እኩሌታው ላይ ነበር። ቀድመው ከበሉት አብዛኞቹ የኡበርና የታክሲ ሾፌሮች ነበሩ፤ ለመኪና ዳውን ፔይመንት ስለሚቸኩሉ ለእነሱ እየተለቀቀ ነው የበሉት። ያልበሉት ደግሞ የመጋዘን ሠራተኞች፣ ሽማግሌ የሚንከባከቡና ዴይ ኬር ያላቸው ነበሩ። ሁለት ወር ዕጣ ሳናወጣ ቆየን። በስልክ ስብሰባ ተቀምጠን ዋሶቹ እንደገና መጣል ጀመሩ። አንዷ የዴይ ኬር ባለቤት፣ የሚመጡላት ልጆች በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ሳለ፣ ዋስ ለሆነችለት ሾፌር እስከ ክረምቱ መግቢያ ጣለችለት። ሾፌሩ ምግብ ማመላለስ ጀምሮ በሃምሳም በመቶም መለሰላት። እንዲያም ሆኖ የጎደለ ነበር፤ የጎደለውም በእኔው ዕጣ ላይ አረፈ። ቀስ በቀስ ተሞላልኝ። በዚያው ሰሞን አንድ የጨረታ እቁብ ፈረሰ። በቅናሽ የወሰዱት «ዋጋውን ከፍዬ ነው የወሰድኩት፤ እንደ ባንክ ጠብቁኝ» ማለት ጀመሩ። አልፈርድባቸውም። ሰውን እንደ አበዳሪ ከቀረብከው እሱም እንደ ተበዳሪ ይመልስልሃል።

እኔ ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ክሬዲት የሚባል አልነበረኝም። መጥፎ ሰው አልነበርኩም፤ ለባንኮቹ ግን እንዳልተወለደ ሰው ነበርኩ። የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁት ከእቁብ በደረሰኝ ገንዘብ ነው፤ ለዚያውም ስሜን ብቻ የሚያውቅ አንድ የጎንደር ሰው ዋስ ሆኖኝ። በ2009 ዩኒየን ታክሲ 262 ሾፌሮች ባለቤት ሆነውበት ሲነሳ፣ በኋላም በ2016 ግሪን ታክሲ 800 ያህል አባላት ይዞ ሥራ ሲጀምር፣ መዋጮውን ከእቁብ ያወጡ ሰዎች አውቃለሁ። የግሪን ታክሲ መዋጮ 2,000 ዶላር ነበር። ሃቫና ጎዳና ላይ ግሮሰሪ የከፈተ፣ ትሬይለር የገዛ፣ እንጀራ የሚጋግርበት ቦታ የተከራየ ደብተሬ ውስጥ አለ። እኔ አገሬ ሳለሁ መምህር ነበርኩ። እዚህ ስደርስ ስሜን አጥርቶ የሚጠራኝ ሰው እንኳ ጠፋ፤ በሥራ ቦታ አሳጥረውት ነበር። «ዳኛው» ሲሉኝ ነው እንደገና ሰው ፊት የቆምኩት።

ባለቤቴ በዚህ የመጨረሻ ተራ ነገር ዛሬም አልተስማማችም። ግንቦት ላይ የወረደው በረዶ ጣሪያችንን ጎድቶታል፤ ኢንሹራንሱ የማይሸፍነው ድርሻ ደግሞ ቀላል አይደለም። «ለሰው ሁሉ ረቡዕ ረቡዕ ትደውላለህ፤ ለእኔስ ማን ይደውልልኝ?» ትላለች። ልክ ናት፤ ለጥያቄዋ ጥሩ መልስ የለኝም። አዲሱ ዙር ሲጀመር ቢያንስ መሃል ላይ ግባ ብላኝ ነበር። እኔ ግን 20ኛው ላይ ተመዝግቤያለሁ፤ ጣሪያውንም በየወሩ እየከፈልኩ እያሠራሁት ነው።