ኬኩ የሚወጣበት ደቂቃ

ዳቦ መብሰሉን ፊቱ ይናገራል፤ ነጭ ገብቶ ቀላ ብሎ ይወጣል። ቸኮሌት ኬክ ግን ጠይም ገብቶ ጠይም ይወጣል። በተለይ ጥቅጥቅ ያለው፣ በእንቁላል፣ በቅቤ፣ በስኳርና በቀለጠ ቸኮሌት የቆመው ዓይነት መብሰሉን አጥብቆ ይደብቃል። የጣልያኗ የካፕሪ ደሴት ቶርታ የዚህ ቤተሰብ ነው፤ በዱቄት ፋንታ የተፈጨ አልሞንድ ይገባበታል። ሊጡን አሰናድቶ ምድጃ ውስጥ መክተት ብዙ ሰው ይችላል። በሰዓቱ ማውጣት ግን ሙያ ነው፤ ከጋጋሪ ሥራ ሁሉ እኔ የማደንቀው ይህን ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ለሠርግና ለልደት በትዕዛዝ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ አውቃለሁ። የምድጃውን በር ከፈት አድርጋ መጋገሪያውን በፎጣ ትይዝና ወዝወዝ ታደርገዋለች። ገና ጥሬ ከሆነ ሊጡ ከዳር እስከ ዳር ይናወጣል። ቆይቶ ዳሩ ቀጥ ይላል፤ የሚንቀሳቀሰው የመዳፍ ስፋት ያለው መሐሉ ብቻ ይሆናል። እንቅስቃሴውም የፈሳሽ አይደለም። የረጋ እርጎ ዕቃውን ነቅነቅ ሲያደርጉት እንደሚንቀጠቀጠው፣ አንድ ላይ ሄዶ አንድ ላይ ይመለሳል። ላዩም ወዙን ጥሎ ደብዘዝ ያለ ስስ ቆዳ አብጅቷል። ያኔ ታወጣዋለች።

በብዙ ቤት ዳኛው ስቴኪኒ ነው፤ ተሰክቶ ንጹሕ ከወጣ ኬኩ በስሏል ይባላል። ለነጭ ኬክ እውነት ነው። እዚህ ግን ንጹሕ የወጣ ስቴኪኒ ጊዜው ማለፉን ነው የሚናገረው። በዚያ ላይ የቀለጠ ቸኮሌት እንጨቱ ላይ ሲጣበቅ ጥሬ ሊጥ ይመስላል። እሷ የምትሰካው እምብርቱ ላይ ሳይሆን ሁለት ጣት ያህል ራቅ አድርጋ ነው። ስቴኪኒውን አውጥታ ወደ ብርሃን ታዞረዋለች። ጥሬው ያብለጨልጫል፣ እንጨቱን አልብሶ ወደ ታች ይንሸራተታል። የበሰለው ወዝ የለውም፤ ፍርፋሪ ሆኖ እዚህም እዚያም ይያዛል። ያንን ፍርፋሪ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ታሸዋለች። ከተድቦለቦለ ደርሷል፤ ጣቷን ከቀባ ኬኩን ትመልሰዋለች። ጆሮዋንም ታስጠጋለች፤ እርጥበቱ ትስስ እያለ በርትቶ ከተሰማ ገና ነው፣ ጭራሽ ዝም ካለም ደርቋል።

የአዲስ አበባ ከፍታም በዚህ ሥራ ውስጥ እጁ አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስላለች ውኃ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይፈላል። የውጭ አገር መጻሕፍት ለተራ ኬክ እስከ 98 ዲግሪ የሚደርስ የውስጥ ሙቀት ያዛሉ፤ እርጥብ ኬክ ደግሞ ውኃው ከሚፈላበት በላይ ስለማይሞቅ፣ እዚህ ያንን ቁጥር የጠበቀ ሰው የሚያወጣው የደረቀ ኬክ ነው። ጥቅጥቁ ኬክ በዚህ በኩል ደግ ነው። የሚያቆመው እንቁላሉ ስለሆነ፣ እንቁላል ደግሞ ውኃ ከሚፈላበት ብዙ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚረጋ፣ ከፍታው አይከብደውም። የሚያስቸግረው አረፋው ነው፤ ተመትቶ የገባው አየር እዚህ አብዝቶ ይነፋና መሐሉ ሳይረጋ ተነሥቶ ይወድቃል። ስለዚህ የእንቁላሉን ነጭ ቀጥ ብሎ እስኪቆም አትመታውም፤ ጫፉ ጎንበስ ማለት ሲጀምር ትተወዋለች።

መሐሉ እየተንቀጠቀጠ የምታወጣው ዳሩ ያጠራቀመው ሙቀት ከምድጃ ከወጣ በኋላም ወደ ውስጥ መሄዱን ስለማያቆም ነው። መጋገሪያው ውስጥ እንዳለ ታሳርፈዋለች። መሐሉ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ላዩ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚያይ ሰው ኬኩን አላወቀውም። የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ ኬኩ ትኩስ ሳለ ልል ነው። በትኩሱ የቆረጠው ሰው ጥሬ ነው ብሎ ይፈርዳል፤ ያው ኬክ በማግስቱ ጥርት ብሎ ይቆረጣል።

የጾም ቸኮሌት ኬክ ሌላ ነው። እንቁላልም ቅቤም ስለሌለው የሚያቆመው ዱቄቱ ነው፤ መሐሉ ከተንቀጠቀጠ ጥሬ ነው ማለት ነው። እሱን ስቴኪኒው ንጹሕ እስኪወጣ ትጠብቀዋለች።

ስትቆርጥ ቢላዋውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ትነክርና ትጠርገዋለች፤ በየቁራጩ እንደገና። ሥራዋ የሚነበበው የተቆረጠው ፊት ላይ ነው። ዳሩ ላይ ጣት የማይሞላ ጠጠር ያለ ቀለበት አለ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ እምብርቱ ድረስ ወጥ ነው፣ አፍ ውስጥ ይሟሟል። አንጸባራቂ የጥሬ መስመር አይታይበትም፣ ቢላዋው ሥርም አይፈረፈርም። ደንበኞቿ ቸኮሌቱን ከየት እንደምትገዛው ይጠይቋታል፤ እሷም ሳትደብቅ ትነግራቸዋለች።